«ኪራዩ ብድሩን ራሱ ይከፍለዋል» ተብለናል፤ እንግዛው?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ 450,000 አጠራቅመናል። የምንኖርበት ቤት አለን፤ አሁን የሚከራይ አንድ ቤት ለመግዛት አስበናል። ያገኘነው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። ዋጋው 1,000,000፣ ኪራዩ በወር 7,000። ሻጩ «በዓመት 8.4 ከመቶ ያስገባል፤ ኪራዩ ብድሩን ራሱ ይከፍለዋል» ይለናል። ባንኩ የዋጋውን 70 ከመቶ በ6 ከመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ሊያበድረን ፈቃደኛ ነው። አንድ ወዳጃችን ደግሞ «በዚሁ ገንዘብ ሁለት አሮጌ ቤት ግዙ» ይላል። ሻጩ ሌላ ገዢ እንዳለው ነግሮን እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል። ምን ይሻለናል?

ምላሽ፦ መልሱን ከፊት ላስቀምጥና ምክንያቱን አስከትላለሁ። በዚህ ዋጋና በዚህ የብድር መጠን አትግዙት። ቤቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ አላየሁትም። እኔን ያሳሰበኝ በፈረማችሁ ማግስት እጃችሁ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ነው። (የገንዘቡን ስም ከጥያቄያችሁ ላይ አውጥቼዋለሁ። ስሌቱ በየትኛውም ገንዘብ ያው ነው።)

ሥራዬ የሰዎችን ኪራይ ቤት ማስተዳደር ነው። ደንበኞቼ እንደ እናንተ ያሉ ናቸው፤ ሌላ ሥራ አላቸው፣ በጎን አንድ ወይም ሁለት ቤት ያከራያሉ። ከመካከላቸው ተሰናክለው ቤታቸውን በግድ የሸጡትን ሳስብ፣ አብዛኞቹ መጥፎ ቤት የገዙ አልነበሩም። ደህና ቤት ገዝተው መሀል ላይ እጅ ያጠራቸው ናቸው። ቤት ሀብት ነው፤ ግን ሌሊት ቧንቧ ሲፈነዳ ከግድግዳው ቆርሳችሁ ለቧንቧ ሠራተኛው አትከፍሉትም።

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ።

ሻጩ አልዋሸም። 7,000 በ12 ሲባዛ 84,000 ነው፤ ለ1,000,000 ስናካፍለው 8.4 ከመቶ ይመጣል። ይህ ጥቅል ገቢ ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈውም እሱ ነው። ኪስ የሚገባው ግን ሌላ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ ቤቱ በእርግጥ ስንት ይፈጃል? ዋጋው 1,000,000። የስም ማዛወሪያ፣ የሕግ ባለሙያ፣ የንብረት ግምት፣ የብድር ማስፈጸሚያ፣ ምናምን ተደምሮ 6 ከመቶ እንበል፤ 60,000። ይህ ከአገር አገር ይለያያል፤ የእናንተን ጠይቃችሁ ተኩበት። ከዚያ ተከራይ ከመግባቱ በፊት ቀለም አለ፣ ቁልፍ መቀየር አለ፣ የተነቃቀለ ንጣፍ አለ። ለእሱ 40,000 ያዙ። ስለዚህ ቤቱ የሚፈጅባችሁ 1,100,000 ነው።

አሁን ወደ ገቢው። በዓመት 12 ወር ሙሉ ኪራይ የሚሰበስብ አከራይ ሞልቷል። አምስት ዓመት በተከታታይ 12 ወር የሰበሰበ ግን እኔ አላጋጠመኝም። ተከራይ ይወጣል፤ ቤቱ ይጸዳል፣ ይቀባል፣ ለሰው ይታያል፣ እስከዚያ ባዶውን ያድራል። በአማካይ በዓመት አንድ ወር ባዶ ብላችሁ ቁጠሩ። 7,000 ሄደ፤ 77,000 ቀረ።

ለጥገና በዓመት ከቤቱ ዋጋ 1 ከመቶ መያዝ የቆየ ልማድ ነው። 10,000። በአንድ ዓመት 2,000 ብቻ ታወጡ ይሆናል፤ በሌላው 25,000። ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል። ለኢንሹራንስና ለንብረት ግብር 6,000። ለሕንፃው የጋራ መዋጮ በወር 500፤ በዓመት 6,000። ቤቱን የሚያስተዳድርላችሁ ሰው ከተሰበሰበው ኪራይ 8 ከመቶ ያህል ቢወስድ 6,000 ገደማ። «እኛው ራሳችን እናስተዳድረዋለን» እንደምትሉ አውቃለሁ። አስተዳድሩ፣ ደግም ነው፤ ግን ወጪውን ከስሌቱ አታውጡት። ቅዳሜያችሁ በነፃ የመጣ አይደለም። ደግሞም አንድ ቀን ትደክማላችሁ ወይም ከተማ ትቀይራላችሁ።

የእነዚህ ድምር 28,000 ነው። ከ77,000 ሲቀነስ 49,000 ይቀራል። 49,000ን ለ1,100,000 አካፍሉት። 4.45 ከመቶ። ያ 8.4 የተባለው ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ይህ እናንተን ብቻ የገጠመ ነገር አይደለም። አሜሪካውያን ትናንሽ አከራዮች ከኪራዩ ግማሹ ለወጪ ይሄዳል፣ ብድሩ ሳይቆጠር፣ የሚል የአፍ ስሌት አላቸው። የእናንተ ባዶውን ወር ጨምሮ ከመቶ 42 ነው የሄደው። እንዲያውም ደህና ናችሁ።

ብድሩ ላይ እንምጣ። 700,000 በ6 ከመቶ ለ20 ዓመት በወር 5,015 ያህል ያስከፍላል። በዓመት 60,180። ቤቱ የሚያመጣው 49,000 ነው። በየዓመቱ 11,000 ከደሞዛችሁ ትጨምራላችሁ ማለት ነው። «ኪራዩ ብድሩን ራሱ ይከፍለዋል» የተባለው እዚህ ላይ ፈረሰ።

እውነቱን ለመናገር የሻጩ ወገን ክርክር አለው። በመጀመሪያው ዓመት ከምትከፍሉት 60,180 ውስጥ ወደ 18,700 የሚሆነው ዋናውን ዕዳ ይቀንሳል፤ የቀረው 41,500 ገደማ ወለድ ነው። ስለዚህ 11,000 ከኪስ አውጥታችሁ 18,700 ቆጥባችኋል ሊባል ይችላል። ልክ ነው። ችግሩ ያ ቁጠባ ግድግዳው ውስጥ መቀመጡ ነው። ቤቱን ሳትሸጡ ወይም እንደገና ሳትበደሩበት አታወጡትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው አንድ ጉድጓድ አለ። በብዙ የግብር ሥርዓት ወለድ እንደ ወጪ ሊያዝ ይችላል፤ የዋና ዕዳ ክፍያ ግን አይያዝም። ስለዚህ ለግብር ሰብሳቢው ከ49,000 ላይ ወለዱ 41,500 ተቀንሶ 7,500 ትርፍ አለ፤ የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም ቤቱ በየዓመቱ ስለሚያረጅ እንደ ወጪ የሚያዝ ሂሳብ፣ ከተፈቀደ ደግሞ ያንሳል። ኪሳችሁ ግን 11,000 ጎድሎበታል። ከጎደለ ኪስ ላይ ግብር መክፈል ሊመጣ ይችላል። የአገራችሁን ደንብ ሳትፈርሙ በፊት ለሂሳብ ባለሙያ አሳዩ። የአንድ ሰዓት ክፍያ ነው።

አሁን ወለዱን እንንካው። ብድሩ ተለዋዋጭ ወለድ ከሆነ፣ ወይም ቋሚነቱ ለሦስት ለአምስት ዓመት ብቻ ከሆነ፣ በ8 ከመቶ ደግማችሁ አስሉ። ወርሃዊው ከ5,015 ወደ 5,855 ይወጣል። የዓመቱ ጉድለት ከ11,000 ወደ 21,000 ያልፋል። እናንተ ደግሞ ቅድመ ክፍያውን 300,000፣ ሌላውን ወጪ 100,000 ከፍላችሁ የሚቀራችሁ 50,000 ነው። ያ መጠባበቂያ ከሁለት ዓመት ተኩል አያልፍም። ይህ እንግዲህ ምንም ነገር ካልተሰበረ ነው።

«ግን እኮ የቤት ዋጋ ይጨምራል» ትሉኝ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል፤ በጊዜው ግን አይመጣም። የአሜሪካ የቤት ዋጋ ከ2006 እስከ 2012 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአገር አቀፍ ደረጃ 27 ከመቶ ያህል ወርዷል። ወደነበረበት የተመለሰው በ2016 ነው፤ ያውም የዋጋ ንረቱ ሳይቆጠር። ያንን 10 ዓመት ብድሩን እየከፈለ የጠበቀ ሰው ቤቱን አላጣም። የጎዳው በየወሩ የሚጎድልበትን ሰው ነው። ጃፓን ውስጥ የመሬት ዋጋ በ1991 ገደማ ጫፍ ነክቶ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሲወርድ ኖሯል። የ16 አገሮችን መረጃ ከ1870 እስከ 2015 ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ሰዎችም፣ ከቤት ከተገኘው ጠቅላላ ትርፍ ግማሽ ያህሉ ከኪራይ የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። የዋጋ ጭማሪን እንደ ምርቃት ቁጠሩት። ከመጣ ደስ ይበላችሁ፤ በጀት ውስጥ ግን አታስገቡት።

እንግዲህ ስንት ብትበደሩ ነው የሚያዋጣው? አበዳሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ መለኪያ አለ። የቤቱ የተጣራ ገቢ ለዓመታዊ የብድር ክፍያ ሲካፈል ቢያንስ 1.2 መሆን አለበት ይላሉ፤ አንዳንዱ 1.25 ይጠይቃል። እናንተ በ700,000 ስትበደሩ 0.81 ነው የሚመጣው። ባንኩ ለምን ፈቀደ? ደሞዛችሁን አይቶ ነዋ። ባንኩ በቤቱ ሳይሆን በእናንተ ነው የተማመነው።

49,000ን ለ1.2 ስናካፍል 40,800 ይሆናል። በዓመት ይህን ያህል የሚያስከፍለው ብድር 475,000 ገደማ ነው። ወለዱ 8 ከመቶ ቢገባ እንኳ ክፍያው 47,700 አካባቢ ነው የሚሆነው። አሁንም ከ49,000 በታች ነው። የምፈልገው እንቅልፍ ይህ ነው።

ከ450,000 ላይ 50,000 አትንኩት። ስድስት ወር ሙሉ ተከራይ ባይኖር ብድሩንና ወጪውን ለመክፈል 34,000 ያህል ያስፈልጋል፤ የቀረው ለአንድ ትልቅ ብልሽት ነው። 400,000 እና 475,000 ሲደመር 875,000። ከዚህ ላይ የማደሻ 40,000 እና 6 ከመቶውን የግዢ ወጪ ስታወጡ፣ ለቤቱ መክፈል የምትችሉት 788,000 አካባቢ ነው። 790,000 በሉት።

እና ቤቱ ለእናንተ የሚያወጣው ይህን ነው። 1,000,000 የሚከፍልበት ሰው አይጠፋም፤ ሙሉ ገንዘብ በእጁ ያለው ሊገዛው ይችላል፣ ሊኖርበት የሚፈልግም ሊገዛው ይችላል። ሻጩ በ790,000 አይሸጥላችሁም ብዬ እገምታለሁ። ታዲያ መፍትሔው ብድሩን መለጠጥ አይደለም፤ አነስ ያለ ቤት መፈለግ ነው። ባለ አንድ መኝታ ቤት ከዋጋው አንጻር የተሻለ ኪራይ ሲያመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ተከራዩ ቶሎ ቶሎ መቀያየሩ ግን አይቀርም፤ ባዶውን ወር አንድ ተኩል አድርጋችሁ አስሉት።

የወዳጃችሁን ሐሳብ አልጠላሁትም። ሁለት ቤት ሲኖር አንዱ ባዶ ቢሆን ሌላው ያስገባል። ግን ርካሽ ቤት ርካሽ ጥገና የለውም። ሽንት ቤቱ ሲደፈን፣ የውሃ ማሞቂያው ሲቃጠል፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚመጣው ባለሙያ የኪራዩን ልክ አይጠይቅም። 7,000 በሚከራይ ቤት ላይ 3,000 የወሰደ ጥገና 3,500 በሚከራየውም ላይ 3,000 ነው የሚወስደው። በአንዱ ግማሽ ወር ያልሞላ ኪራይ በላ፤ በሌላው አንድ ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚያ ላይ ሁለት አሮጌ ጣሪያ። ልምድ ላለውና የሚያምነው ባለሙያ ላለው ሰው ሊያዋጣ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። አንዱን ገዝታችሁ አንድ ሙሉ ዓመት አከራዩ። ከዚያ ስለ ሁለተኛው እናወራለን።

ቤቱን ስታዩ

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም በራሴ ስለደረሰ።

የመጀመሪያ ኪራይ ቤቴን የገዛሁ ጊዜ መታጠቢያ ቤቱ አዲስ ቀለም ይሸት ነበር። ሻጩ ደግ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ልብ ያላልኩት ነገር የተቀባው አንዱ ግድግዳ ብቻ መሆኑን ነው። ሌሎቹ ሦስቱ አሮጌ ነበሩ። በሦስተኛው ወር ተከራይዋ ፎቶ ላከችልኝ። በዚያው ግድግዳ ላይ የሳህን ያህል ስፋት ያለው ቡናማ ክብ ወጥቷል። ውሃው የሚመጣው ከላይኛው ፎቅ ነው። የላይኛው ጎረቤት ወለሉን አላስቆፍርም አለ። ተከራይዋ ሻጋታውን አልቻለችም፣ ወጣች። እሷም ልክ ነበረች። ሁለት ወር ቤቱ ባዶውን ቆመ፤ ብድሩን ከደሞዜ ከፈልኩ። ሲታሰብ የጠፋው ገንዘብ ከዚያ በፊት ባለሙያ አምጥቼ ባሳየው ኖሮ ከማወጣው አሥር እጥፍ ነበር።

ዛሬ ቤት ሳይ ለብቻው የተቀባ ግድግዳ ወይም የኮርኒስ ጥግ ካገኘሁ እጄን አሳርፍበታለሁ። እርጥብ ግድግዳ ይቀዘቅዛል። አንኳኩበት፤ ልስኑ ከግድግዳው ከተላቀቀ ድምፁ ባዶ ነው። ከሲንክ ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍታችሁ እንጨቱን ዳብሱት፤ ያበጠ እንጨት አይዋሽም። ቧንቧዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ክፈቱና ሽንት ቤቱን ልቀቁ፤ ግፊቱ ይወርዳል ወይ? ውሃው ሲወርድ ይንቦጫረቃል ወይ? ከዚያ ሁሉንም ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ተመልከቱ። ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ውሃ ይፈሳል።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥ። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ የሌለበት ቤት የለም። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሰፋ ሲሆን ግን ቆም በሉና መሐንዲስ ጥሩ። በሮቹንም ክፈቱ ዝጉ። ሦስት በር በአንድ ወገን ከጠበቀ ሕንፃው እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ባለሙያ ይክፈተው፣ እናንተ አትንኩት። ያረረ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ግን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሁለቴ ሂዱ። አንዴ ዝናብ በዘነበ ማግስት፤ አንዴ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ። ቀን ጸጥ ያለ ሰፈር ማታ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ደረጃ ላይ ያገኛችሁትን ጎረቤት ሰላም በሉና «ውሃ ይቆራረጣል እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከደላላው አንድ ሰዓት ወሬ ይልቅ የእሱ ሁለት ደቂቃ ይበልጣል። በመጨረሻም ሙያው የሆነ ሰው ቀጥራችሁ አስመርምሩ። ሻጩ የመከረላችሁን ሳይሆን እናንተ የመረጣችሁትን።

ወረቀቱ ላይ ባጭሩ። የሚሸጠው ሰው ባለቤቱ መሆኑን፣ በቤቱ ላይ ዕዳም ሆነ እገዳ አለመኖሩን ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ራሱ አረጋግጡ፤ ሻጩ ይዞት የመጣው ኮፒ አይበቃም። የተጨመረ ክፍል ወይም የተዘጋ በረንዳ ካለ ፈቃዱን ጠይቁ። አፓርታማ ስለሆነ ደግሞ የሕንፃውን ማኅበር ሂሳብ ማየት አለባችሁ። ሊፍቱ ሊቀየር ነው? ጣሪያው ሊታደስ ነው? ሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ አለ? ከሌለ ያ ወጪ በእናንተ ላይ ነው የሚከፋፈለው። ኢንሹራንስ ስትገቡም ቤቱ እንደሚከራይ ተናገሩ። ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት የተገባ ኢንሹራንስ ተከራይ ያለበትን ቤት ላይሸፍን ይችላል።

ቤቱ ውስጥ አሁን ተከራይ ካለ ውሉን አንብቡ። በብዙ አገር ተከራዩ ከነውሉ ነው ወደ እናንተ የሚዞረው። 7,000 የተባለው ኪራይ ውሉ ላይ 6,200 ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ማስያዣውም የት እንዳለ መጠየቅ አለበት።

ተከራዩ

ባዶ ቤት ያስጨንቃል። ስለዚህ ሰው የመጀመሪያውን ደዋይ ያስገባል። አንድ ወር ባዶ ቢቆም 7,000 ነው የሚጠፋው፤ የማይከፍል ሰው ግን በሕግ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። ኪራዩ ከገቢው ሲሶ የማይበልጥበትን ሰው ፈልጉ። የቀድሞ አከራዩን ደውላችሁ አነጋግሩ። አሁን ያለበትን ብቻ አይደለም፤ ሊገላገለው የፈለገ አከራይ ሊያሞግሰው ይችላል። ከዚያ በፊት የነበረውን ፈልጉ። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ነገ ቢመለስ ታከራየዋለህ?» መልሱን ሳይሆን ከመልሱ በፊት ያለውን ዝምታ ነው የማዳምጠው።

በምርጫው ግን ሥራውንና የክፍያ ታሪኩን እንጂ ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን ወይም የልጅ እናት መሆኗን አትመዝኑ። በብዙ አገር ወንጀል ወይም በደል ሆኖ ያስጠይቃል። ከሕጉ ውጭም ቢሆን ጥሩ ከፋይን በር ላይ መመለስ ኪሳራ ነው።

ሲገባ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሱ። የቆጣሪ ቁጥሮቹን ሁለታችሁም ባላችሁበት ጻፉና ፈርሙ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ለዘመድም ቢሆን። ለዘመድማ ይብሳል፤ ለማያውቁት ሰው «ኪራይ አልገባም» ብሎ መልእክት መላክ ይቀላል። ማስያዣውን ከራሳችሁ ገንዘብ ጋር አትቀላቅሉት፤ የእናንተ አይደለም። ለቤቱ የተለየ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። ኪራይ እዚያ ይግባ፣ ወጪም ከዚያ ይውጣ። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ቤቱ አተረፈ ወይስ ከሰረ ብሎ መከራከር አይኖርም።

ኪራይ ስለመጨመር ደግሞ አንድ ስሌት ላሳያችሁ። 700 ልጨምር ብላችሁ ደህና ተከራይ ቢወጣባችሁና ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ፣ የጠፋውን 7,000 ለመመለስ 10 ወር ይፈጃል። ቀለሙንና ጽዳቱን አልቆጠርኩም። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መጨመርና ሲደውል ስልክ ማንሳት ይሻላል። መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ያለች ሲሊኮን ስትላቀቅ ተከራዩ በሳምንቱ ከነገራችሁ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ናት። ሰልችቶት ዝም ካለ ግን ውሃው ሥር ሥሩን ሄዶ ወለሉን ያነሳዋል። ተከራይ የሚደውለው ስትመልሱለት ነው።

ዓርብን በተመለከተ

«ሌላ ገዢ አለ» የሚባለው እውነት ሊሆን ይችላል። እናንተን ግን አይመለከትም፤ የእናንተ ቁጥር በሌላ ሰው መኖር አይቀየርም። እስከ ዓርብ ቢያንስ አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ሻጩን ያለፉት 12 ወራት ኪራይ የገባበትን የባንክ ወረቀት፣ የሕንፃውን መዋጮ ደረሰኝና የአሁኑን የኪራይ ውል ጠይቁት። በእርግጥ 7,000 የሚያስገባ ቤት ከሆነ ወረቀቱን ማሳየት አይከብደውም። ወረቀቱ ከእኔ ግምት የተሻለ ነገር ካሳየ፣ ለምሳሌ መዋጮው 300 ከሆነ፣ ቁጥሩን ቀይራችሁ እንደገና አስሉ።

ከዚያ በጽሑፍ አንድ ዋጋ ስጡት። 790,000፣ ባለሙያ ቤቱን መርምሮ ካለፈ ብቻ የሚጸና። ቀብድ ከምርመራው በፊት አትክፈሉ፤ ከከፈላችሁም የሚመለስበት ሁኔታ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሻጩ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። ከሁለት ወር በኋላ ያ ሌላ ገዢ ሳይመጣ ቀርቶ ሻጩ ራሱ ሲደውል ከአንድም ሁለቴ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ካልደወለም ያችን የስሌት ወረቀት አትጣሏት። ለሚቀጥለው ቤት ቁጥሮቹን መቀየር ብቻ ነው።